ግማሽ ፂም

አደራጁ ምላጩ የሚጠረግበትን ወረቀት ያየው ግራ ጉንጩ ተላጭቶ አልቆ፣ ቀኙ ገና ሳይነካ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ የቆራረጣቸውን ወረቀቶች አደራጁ ትከሻ ላይ ደርድሯል፤ ምላጩን አንዴ ባስኬደ ቁጥር አረፋውን እዚያ ላይ ይጠርጋል። ከአረፋው ሥር «ወዛደሩ አሁኑኑ ይነሣ!» የሚል ርዕስ ብቅ አለ። አደራጁ ርዕሱን ያውቀዋል፤ የጻፈው ራሱ ነው። ሦስት ሳምንት አምጦ የወለደው ጽሑፍ የምላጭ መጥረጊያ ሆኖ አረፈው።

«ጋሼ፣ ይሄን ወረቀት ከየት አገኙት?» አለ፣ ከንፈሩን ብዙ ሳያንቀሳቅስ።

«በበር ሥር የሚወረውሩ ችኩሎች አሉ» አለ ሽማግሌው። «ምን ያደርጋል፣ ወረቀታቸውም እንደ መስመራቸው ስስ ነው። አረፋ እንኳ አይችልም።»

አደራጁ ክው አለ። ስለ መስመር የሚያወራ ፀጉር አስተካካይ ተራ ፀጉር አስተካካይ አይደለም። አደራጁ ያለበት ኅቡዕ ድርጅት ለሁለት ከተሰነጠቀ አራት ዓመት ሆኖታል። የአደራጁ ወገን «አብዮቱ አሁኑኑ» ይላል፤ የወዲያኛው «ቀስ በቀስ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እርስ በርስ ሲሰዳደቡ መንግሥትን ለመስደብ ጊዜ አጥተዋል። እነሆ ከተማው ውስጥ ካለው ፀጉር ቤት ሁሉ መርጦ፣ ጉሮሮውን ለወዲያኛው ወገን አሳልፎ ሰጥቶ ተቀምጧል።

ዝም ማለት ነበረበት። አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል፤ የክር ፋብሪካው ሠራተኞች ነገ ጠዋት ሥራ የሚያቆሙት እሱ ከደረሰላቸው ነው። መናኸሪያው በር ላይ ደግሞ ፎቶው ከነፂሙ ተለጥፏል። ፂሙን የማያውቅ ፖሊስ የለም፤ አገጩን ግን የወለደችው እናቱ እንኳ ካየችው ስምንት ዓመት አልፏታል። ተላጭቶ ውልቅ ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ግን አፉን መዝጋት ቢችል ኖሮ መቼ አደራጅ ይሆን ነበር?

«ቀስ በቀስ ማለት አድርባይነት ነው» አለ።

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። «ምን አልከኝ?»

«አድርባይነት! እርስዎ ራስዎ ንዑስ ከበርቴ ነዎት። የራስዎ ወንበር፣ የራስዎ ምላጭ…»

«የምላጩን ነገር ባታነሣው ይሻልህ ነበር» አለ ሽማግሌው ረጋ ብሎ። ምላጩን አጠፈና ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። «ሥራ አቁሜያለሁ።»

«እንዴት?»

«አንተ አይደለህ ሥራ አቁሙ እያልክ የምትሰብከው? ይኸው፣ አሁኑኑ አቆምኩ። ያልከውን መልሰህ ካላነሣህ እኔም ከዚህ አልነሣም።»

አደራጁ መስታወቱን አየ። ሙሉ ፂም ያለውን ሰው ፖሊስ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ግማሽ ፂም ያለውን ግን ከተማው ሁሉ ይከተለዋል። «ጋሼ፣ በእናትዎ! አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኛን ጠብሰው ይበሉናል!»

ሽማግሌውን ሳቅ ሊያመልጠው ነበር። በዚያው ቅጽበት በመስኮቱ በኩል የፖሊስ ቆብ አየ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አደራጁ ለጓዶቹ ቢነግራቸው አያምኑትም። ያ የቀስ በቀስ ሰው ተስፈንጥሮ ተነሣ። ትከሻው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ጨምድዶ ኪሱ ከተተ፣ ወንበሩን አሽከርክሮ የተላጨውን ጉንጭ ወደ በሩ አዞረ፣ ቀኙን በአረፋ ደፈነው። ሃምሳ አለቃው በሩን ከፍቶ እስኪገባ ምላጩ ሁለቴ ወርዶ ነበር።

«ደህና ዋሉ፣ ሃምሳ አለቃ! ይቀመጡ፣ ይሄን ሰውዬ ጨርሻለሁ።»

ሃምሳ አለቃው አልተቀመጠም። ከብብቱ ፎቶ አውጥቶ ዘረጋ። «ጋሼ፣ ይሄ ሰው እዚህ መጥቶ ያውቃል?»

አደራጁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ነገር ቀስ እንዲል ተመኘ። ሽማግሌው በአንድ እጁ እየላጨ ፎቶውን በሌላው ተቀበለና ከአደራጁ ጆሮ አጠገብ አድርጎ መረመረው።

«እኔ እጅ የገባ ፂም እንዲህ ተንጨባርሮ አይወጣም» አለ። «ደግሞ አይልፉ፣ እንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚያዘው በፂሙ ሳይሆን በአፉ ነው።»

«አንተስ?» አለ ሃምሳ አለቃው ወደ ወንበሩ ጠጋ ብሎ። በሙሉ ጫማው የቆመው ወለሉ ላይ በወደቀው የአደራጁ ፂም ላይ ነበር። ስምንት ዓመት ያሳደገው ፂም።

አደራጁ አፉን ሳይከፍት፣ አላየሁም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። በነቀነቀ ጊዜ የመጨረሻው ምት ጉንጩን ቧጨረው።

«የኔ ጥፋት ነው፤ ቸኮልኩ» አለ ሽማግሌው። ከደረት ኪሱ ታጥፎ ከተቀመጠ ወረቀት ላይ ጥፍር የምታህል ቀደደና ቁስሉ ላይ ለጠፈለት። ከዚያ ያለበሰውን አንሶላ አንሥቶ አራገፈና «ተፈጽሟል፣ ልጄ። አውቶቡስህን ድረስበት» አለ። ሃምሳ አለቃው ፎቶውን አጥፎ በቦታው ተተካ፤ ወንበሩ ገና አልቀዘቀዘም።

አደራጁ ጥግ እስኪታጠፍ አልሮጠም። ከታጠፈ በኋላ አንድ የሱቅ መስታወት ፊት ቆሞ የማያውቀውን አገጭ ሲያይ ቆየ። ያቺን ቁራጭ ወረቀት ከጉንጩ ላጥ አደረጋትና አያት። ፊደሏን ያውቀዋል፤ አራት ዓመት ሙሉ በእጄ አልነካም ብሎ የማለበት የወዲያኛው ወገን ጋዜጣ ነው። ከደሙ መሀል «ቀስ በቀ…» የሚል ይነበባል።

ጨምድዶ ሊጥላት እጁን አነሣ። ደሙ ግን በአገጩ ወርዶ ሸሚዙ ኮሌታ ላይ ጠብ አለ። አደራጁ ግራ ቀኙን አየ፣ ቁራጯን በምራቁ አራሰ፣ መልሶ ጉንጩ ላይ ለጠፋት።