የቁልፍ ርክክብ

መንግሥት ቦታውን ፈቅዶ፣ ፋብሪካው ቆርቆሮ ሰጥቶ፣ ሰፈርተኛው ጭቃ አቡክቶ የአሮጊቷ አዲስ ቤት በሐምሌ አለቀ። በሩ ግን ተቆለፈ። አሮጊቷ ጎጆዋ ከፈረሰ ጀምሮ የምታድረው ከአዲሱ ግድግዳ ሥር በተወጠረ ላስቲክ ውስጥ ነበር።

«ልጄ፣ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ለዛሬ ብቻ ልግባ፤ እንግዶቹ ሲመጡ እወጣለሁ» አለችው የቀበሌውን ሊቀመንበር።

«ይታገሡ እንጂ እማማ! ቁልፉን የሚያስረክቡዎት ትልቁ ሰውዬ ናቸው። ካሜራም ይመጣል፤ ሊሾው ይቆሽሽብናል።»

«በገዛ ደጄ ለማኝ አደረጋችሁኝ እኮ!» ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳል አቋረጠው።

እንግዶቹ ቀጠሯቸውን ሁለት ጊዜ ለወጡ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ከተማ አድሮ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ባለሥልጣኑንና የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ይዞ መጣ። መኪናው ወደ መንደሩ ሲታጠፍ ከአዲሱ ቤት ፊት የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰውም ግጥም ብሎ ተቀምጦበት ታየ።

ባለሥልጣኑ ፊታቸው በራ።

«ጎሽ! ቅንጅት ማለት ይኼ ነው። ሕዝቡ ድንኳኑን እንኳ ሳይነገረው ተክሎ ጠበቀን!»

ሊቀመንበሩ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሴቶች አየ። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉት ባለሥልጣኑ። «እማማን ጥራቸው እንጂ።»