የቀልዱ ፎቶ

ለማኅበሩ ምሥረታ ፎቶ ሁሉም ሲሰለፉ ዶክተር ኔኒታ ስልኩን ከአስተናጋጁ እጅ ነጠቀች። «እኔ ላንሳችሁ፤ እሱ አንገት ይቆርጣል!» ጠዋት በዚሁ በፊሊፒንስ ኢሎይሎ ከተማ አዳራሽ፣ «እንደኛ ወንድ ተብለው ተወልደው ሴት ሆነው የሚኖሩ ምሁራንና ታጋዮች ከእንግዲህ ፊታቸውን አይደብቁም!» ብላ ያስጨበጨበችው እሷ ነበረች። ካቶሊክ መነኮሳት በሚመሩት፣ እሷ በምታስተምርበት ኮሌጅ ግን ወንድ ተብላ መወለዷን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ፎቶው ደግሞ ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ይወጣል።

«እትዬ፣ ነይ እንጂ! ቦታ ይዤልሻለሁ» አለች ሊዋይዋይ፣ ከኔግሮስ ደሴት በጀልባ እያስመለሳት የመጣችው የፀጉር ሠሪዎች ተጠሪ። ኔኒታ እንዳልሰማች ሆና ስልኩን ደቀነች። ፊቷንም ከስልኩ ጀርባ ጋረደች። ሊዋይዋይ ነገሩ ገባትና የያዘችላትን ቦታ ለሌላ ለቀቀች።

ዋናው ፎቶ እንዳለቀ ግን፣ «አሁን ደግሞ የቀልዱን!» ብላ ጮኸች። «በሉ፣ ሁላችሁም ፊታችሁን ለሙቀቱ በታደለን ማራገቢያ ሸፍኑ! ቆነጃጅት ነን፣ በነጻ አንታይም!» እየተንከተከቱ ሸፈኑ። ሊዋይዋይ ስልኩን ከኔኒታ ተቀብላ ለአስተናጋጁ መለሰችና የራሷን ማራገቢያ እጇ ላይ አኖረችላት። «አሁን ነይ፣ እትዬ» አለቻት በሹክሹክታ።

ከማራገቢያው ጀርባ የኔኒታ ፊት በኀፍረት እሳት ሆነ። ጠዋት ያጨበጨቡላት ሁሉ ተሸፋፍነው ይስቃሉ። የተገለጠ ፊት አንድ ብቻ ነበር፤ የሊዋይዋይ።