ከጉብታው ማዶ

«እዚህ ጋ ባንዲራው አይታይም» አለ አልስተር፣ ከፊታቸው የተገተረውን የአሸዋ ጉብታ በጎልፍ ዱላው እያመለከተ። «ጉድጓዱ ከማዶ ነው። በግምት ነው የሚመታው።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አለችው ኤልስፐት። «ይህን ሣር ሲያጭድ የኖረው ማን ሆነና? አባቴ አይደል?»

እውነቷን ነው። ከጠዋት ጀምሮ እንደ እንግዳ ሲያስጎበኛት የዋለው ሌላ የሚናገረው ቢያጣ ነው። ሜዳው ያረጀ የስኮትላንድ የባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ያለው፣ ከመንደሩ ውጭ ስሙን የሚያውቅ የሌለ። የሠሩት ሰዎች አንዲት ጉብታ እንኳ ሳይንዱ መሬቱን እንዳገኙት መተዋቸውን፣ ከእነሱም ወዲህ የነካው እንደሌለ፣ ሁሉንም ነግሯታል። አንዱን ነገር ብቻ አልነገራትም።

የዛሬ አርባ ስድስት ዓመት፣ አባል በሆነበት ዕለት፣ ጓደኞቹ እየጎተቱ ወደ ክለቡ ቤት አስገቡት። ያኔ ሴት አይገባም ነበር። ኤልስፐትን በሩ ላይ «አንድ አፍታ ጠብቂኝ» ብሏት ገባ። ዝናብ ይጥል ነበር። አንዱ ሲጋብዘው፣ ሌላው ሲያቅፈው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ብቅ ቢል በሩ ላይ ማንም የለም። በሳምንቱ ግላስጎው ገባች። እዚያው አገባች፣ ወለደች። እሱ ሳያገባ ቀረ። አሁን ባሏን ከቀበረች ዓመት ሆኗታል፤ የአባቷን መቃብር ልታይ ለአንድ ቀን መጥታለች። አውቶቡሷ በአሥር ሰዓት ነው።

«ኤልስፐት፣ ያን ቀን…»

«ካፖርቴ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ፈጀ» አለች። ስለየትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቀችውም።

«መውጣት ነበረብኝ።»

«ነበረብህ።» ነፋሱ የበተነባትን ሽበት ከዓይኗ ላይ ገለል አደረገች። «አንተ ሰውዬ፣ ሰባ ዓመት አልፎህ ዛሬ ትዝ አለህ?»

«ዛሬ አይደለም ትዝ ያለኝ።»

ወደ ጉብታው ዞረች። «በል ኳስህን አዘጋጅ» አለችው። «ማዶ ሰው አለመኖሩን አይቼ ጉድጓዱ አጠገብ የተሰቀለውን ደወል ልደውልልህ። እሱን ሳትሰማ እንዳትመታ፣ እኔን እንዳትፈነክተኝ።»

ጉብታውን ቀስ እያለች ወጣች። መጀመሪያ እግሯ፣ ከዚያ ትከሻዋ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ ሻርፗ ከማዶ ተሰወረ።

አልስተር ኳሱን ሣሩ ላይ አስቀምጦ ቆመ። ይህን ጉድጓድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተጫወተው አያውቅም፤ ደወሉን እንዲህ ሆኖ ጠብቆ ግን አያውቅም። የባሕሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቆየች። ዝም ብላ፣ በባሕሩ ዳር አድርጋ፣ ወደ መንገዱ ወጥታ ብትሄድስ? ማን ይፈርድባታል?

ደወሉ ተደወለ። አንዴ፤ ቀጥሎ ሁለቴ፣ ጠንከር ብሎ።

ጎንበስ ብሎ ኳሱን አነሳና ኪሱ ከተተው። ዱላውን እዚያው ሣሩ ላይ ጥሎ ጉብታውን መውጣት ጀመረ። አሸዋው ከእግሩ ሥር ይናዳል፤ ሁለት እርምጃ ወጥቶ አንዱን ይመለሳል። አናቱ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወደ ታች ተመለከተ።

ኤልስፐት ከደወሉ አጠገብ ቆማለች። ገመዱን አልለቀቀችም። በሌላው እጇ ግንባሯን ከፀሐይ ከልላ፣ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ የሚመጣውን ኳስ ሰማይ ላይ ትፈልጋለች።