ለአንዲት ፍላሽ የሚበቃ

ኮምፒውተሮች በሆዳቸው ምንም እንዳያስቀምጡ በሕግ ከታገዱ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳለትን ስርዓተ ክወናም ፋይሉንም በነፍስ ወከፍ በተፈቀደችለት አንዲት ፍላሽ ይዞ ይዞራል። ወይዘሮ ጥሩአየርም በፍላሻቸው ላይ ስርዓተ ክወና ለማስጫን ሱቅ ገቡ።

«እትዬ፣ ይቺኛዋ ስርዓት ጠዋት ጠዋት በስምዎ እየጠራች ሰላም ትልዎታለች!» አለ ሻጩ።

«ሰላም በይኝ ብዬ ዕቃ አልለምንም። ቀላሉን ጫንልኝ።»

ቀላሉ ተጭኖም ሟች ባለቤታቸው መነጽራቸው ጠፍቶባቸው ሲነጫነጩ የተቀዳው ድምፅ ፍላሿ ስለሞላች አልገባ አለ።

«እንግዲህ ወይ ድምፁን ይተዉት፣ ወይ የአማርኛውን ፊደል ላውጣ። ፊደሉ ከወጣ ደግሞ በአማርኛ ማንበብም መጻፍም ቀረ። ለንጭንጭ ብለው፣ እትዬ?»

ከእግር እስከ ራሱ ገላመጡት።

«ፊደሉን አውጣው» አሉት። «ፊደል በወረቀትም ይጻፋል።»