ማክሰኞ ዝግ ነው

ሥጋ ቆራጩ ቀበቶውን እየፈታ ሳለ ልብስ ሰፊዋ በእሱና በሌባው መካከል ገብታ ቆመች።

«ዞር በይ እትዬ፤ ደም ይነካሻል» አላት።

«ይንካኝ።»

እግሯ ሥር፣ ፖሊስ ጣቢያው ደረጃ ላይ፣ ሌባው ተኮራምቶ ተቀምጧል። መናኸሪያ ሻንጣ እየተሸከመ የሚያድር፣ ከጉልበቱ ብዛት የተነሣ አገር ምድሩ «ባቡር» የሚለው ሰው ነው። ልብስ ሰፊዋ ለምሳ ሱቋን ዘግታ በሄደችበት፣ የኋላውን መስኮት ገንጥሎ የስፌት መኪናዋን ተሸክሞ ሲወጣ እጅ ከፍንጅ የያዘችው ራሷ ናት። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ባቡር መኪናውን ጥሎ ሊፈተለክ ሲል ሥጋ ቆራጩ በጠረባ ዘረረው። መኪናው አስፋልቱ ላይ ወድቆ መዘውሩ ተሰበረ።

እየገፈተሩ ወደ ጣቢያው አመጡት። በሩ ላይ ግን ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከጓጉንቸሩ በላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ሰኞና ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት» ይላል። ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ድሮ ሌት ተቀን ሰው የማይጠፋበት ጣቢያ፣ ፖሊሶቹ ወደ ትልቁ ከተማ ከተዛወሩ ወዲህ ለወጉ ያህል ነው የሚከፈተው።

«ፖሊስ ከሌለ ፖሊሱ እኛ ነን!» አለ ሥጋ ቆራጩ ወደ ሰዉ ዞሮ።

«እውነቱን ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። አንዱ ድንጋይ አንሥቷል።

«አንተ ሥጋ ቆራጭ ነህ» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «ያንተ ሥራ የሞተ ነገር ላይ ነው። ይሄ ገና አልሞተም።»

ከመሃል አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሥጋ ቆራጩ ግን ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«የተዘረፍሽው እኮ አንቺ ነሽ! ለማን ብለሽ ነው?»

«ለራሴ። ልከሰው ነው የያዝኩት። ሬሳ ከስሼ ምን ላገኝ ነው?»

ስልኳን አውጥታ ትልቁ ከተማ ወዳለው ጣቢያ ደወለች። ብዙ ከጠራ በኋላ ተረኛው አነሣው።

«ሐሙስ ጠዋት ይዘውት ይምጡ» አላት፣ የሚያኝከውን እንኳ ሳይውጥ።

«እስከ ሐሙስ የት ላስቀምጠው? ቁም ሣጥኔ ውስጥ?»

«ምን ላድርግ እናቴ፣ የሰው ኃይል የለንም። ለጊዜው ይልቀቁትና...»

«እሺ፣ አንተው ንገራቸው» ብላ ስልኩን ወደ ሰዉ ዘረጋችው። ስድቡም፣ «በለው!» የሚለውም ጩኸት በደንብ እንዲገባለት ጠብቃ መልሳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «ሰማህ? እኔ ከዚህ ደረጃ ንቅንቅ አልልም። ሰው ከተገደለ፣ እናንተ በዘጋችሁት በር ላይ ነው የሚገደለው። ደውዬ እንደነገርኩህም ይሄ ሁሉ ሰው ምስክሬ ነው። ስምህን ማን ልበል?»

ተረኛው የሚያኝከውን ዋጠ።

«መኪና እልካለሁ» አለ በመጨረሻ።

ስልኩን ዘጋችና ከሌባው ጎን ቁጭ አለች። ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ጉልበቷን ሸፈነች። ያ ድንጋይ ቢወረወር መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ሊሆን ይችላል። ብትነሣ ምን እንደሚከተል ግን አሳምራ ታውቃለች።

«እትዬ፣ እግዜር ይስ...» ብሎ ጀመረ ባቡር።

«ዝም በል!» አለችው ፊቷን ሳታዞር። «አልማርኩህም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ የዚያን ሁሉ ልጅ የደንብ ልብስ በእጄ ልስፋው? ትከሰሳለህ፣ ይፈረድብሃል። እስከዚያ ግን ማንም ጫፍህን አይነካህም። ገባህ?»

ባቡር አንገቱን ደፋ።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ድንጋይ የያዘው ሰውዬ ከእጅ ወደ እጅ ሲያገላብጠው ቆየና፣ ሰው ሲያየው አፍሮ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ሥጋ ቆራጩም ቀበቶውን መልሶ ታጠቀ። ሱሪዬ ሊወልቅብኝ ስለሆነ እንጂ ሐሳቤን ቀይሬ አይደለም ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አጠገቡ ላለው ሰው አስረዳ።

ፒክአፑ ሲመጣ ከሾፌሩ ሌላ የወረደው አንድ ወጣት ፖሊስ ብቻ ነው። ባቡርን በካቴና አስሮ ከኋላ ጫነውና ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ።

«እርስዎ ሐሙስ መጥተው ቃልዎን ይሰጣሉ።»

«አሁን ነው የምሰጠው።»

«ቁልፉ እኔ ጋ የለም። ጣቢያው ዝግ ነው እናቴ።»

«አንተ ክፍት ነህ አይደል?»

ወጣቱ ፈገግታውን መደበቅ አቃተው። «ጠረጴዛ የለ፣ በምን ላይ ልጻፍ?»

«ጉልበትህ ላይ።»

የተቆለፈውን በር አየ፤ ጸጥ ብሎ የሚጠብቀውን ሰው አየ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ደብተርና እስክሪብቶ አወጣ። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን፣ የስፌት መኪናውን፣ መዘውሩን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው።

«ጣቢያው ዝግ እንደነበርም ጻፍ።»

«እሱ እንኳ ከጉዳዩ ጋር...»

«ጻፍ።»

ጻፈ። ፈርማ ብድግ ስትል ሥጋ ቆራጩ ጉሮሮውን እየጠራረገ እሷ በለቀቀችው ቦታ ተቀመጠ።

«እኔም ባለፈው ወር ሁለት በግ ተሰርቄያለሁ» አለ። «የምነግረው ሰው ጠፍቶ ነው።»

ከኋላው የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ቆማለች። ከእሷ ኋላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ከእሱ ኋላ ልጇን ያዘለች ሴት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ወጣቱ ፖሊስ አዲስ ገጽ ገለጠና የሰልፉን መጨረሻ ለማየት አንገቱን አሰገገ። ሰልፉ መንገዱን ተሻግሮ በዳቦ ቤቱ ጥግ ታጥፏል፤ መጨረሻው አይታይም።