የጳጳሱ እጅ

«ዋጥ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! በልጅነትህም መድኃኒት ሲሰጡህ እንዲሁ ነበርክ!» እያለች ታላቅ እህቱ ጮክ ብላ ተቆጣች። ጳጳሱ ግን መዋጥ ካቆመ ቆይቷል፤ ነፍሱ ጠዋት ወጥታለች፤ ውኃው በጢሙ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ቁጣው ውጭ ያሉት እንዲሰሙት ነበር። ታሞ ሲማቅቅ አንዲት ጭልፋ ሾርባ ያላመጣለት ሕዝብ፣ ዛሬ ቅዱስ ነው ብሎ ቢላዋውን በጉያው ሸጉጦ ደጁን ሞልቶታል። መሞቱን ከሰማ ጣቱን፣ ጥርሱን፣ ጆሮውን ለበረከት ሊቀራመት ነው። እሷ ደግሞ መቃብር ቆፋሪው በጓሮ መጥቶ ወንድሟን ከነሙሉ አካሉ እስኪቀብርላት ድረስ ሕያው ልታስመስለው ቆርጣለች።

«ኧረ አባታችን ይባርኩን!» አለች ጎረቤቷ ከውጭ፣ ያቺ ወሬ ካላደረሰች እንቅልፍ የማይወስዳት። እህትየው ምን ታድርግ? አልጋው መስኮቱ ሥር ነበርና ከመጋረጃው ኋላ ሆና ክንዱን ደግፋ እጁን ወደ ውጭ አወጣችው። ሕዝቡ እልል አለ። ጎረቤቷም ተሻምታ እጁን ሳመችና ክው ብላ ቀረች። እጁ በረዶ ነበር።

በመጋረጃው ክፍተት እህትየውን አየቻት። አልጮኸችም። «እትዬ፣» አለች በሹክሹክታ፣ ቢላዋዋን ከመቀነቷ እየመዘዘች፣ «ትንሿን ጣት ብቻ። ከዚያ እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብዬ ሁሉንም እበትንልሻለሁ።»

እህትየው ከጎረቤቷ ትከሻ ኋላ የሚጋፋውን ሕዝብ አየች። ከዚያ አራቱን ጣቶች በመዳፏ ሸፈነችና ትንሿን ለይታ ሰጠቻት።