ወፍ አባራሪው ማሽን

ማማ ላይ ቆሞ ከማሽላ ወፍ የሚያባርረው ሰውዬ እንጀራው ሊቋረጥ ነው። የባለማሳው አማች ነፋስ የሚያንኳኳው ቆርቆሮ ሰቀለ። ወፎቹ ወዲያው ለመዱት።

«ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጉልበት ነው ያነሰው» ብሎ የመንደሩ መካኒክ ሞተርና ሶላር ጨመረበት። ወፎቹ ሶላሩ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ሞቁ። ሬዲዮ ጠጋኙ ደግሞ የሰውዬውን ጩኸት ቀድቶ በድምፅ ማጉያ ለቀቀው። ወፎቹ ጠፉ። ሰውዬውም ተሰናበተ።

በሳምንቱ ባለማሳው ሰውዬው ቤት ድረስ መጣ።

«አያ ይመር፣ ማሽኑን ሌባ እንዳይወስደው የሚጠብቅልን ሰው ቸግሮናል። ደሞዙም ከድሮው ይሻላል።»

«የት ሆኜ ነው የምጠብቀው?»

«ማማው አለ አይደል።»

ይመር ማማው ላይ ወጣ። የገዛ ጩኸቱ ጆሮውን ቢያደነቁረው ማሽኑን አጠፋው። ወፎቹ ሲመለሱ ወንጭፉን አነሳ።